ሥር ያልገባበት ፍላስክ

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት ዳይሬክተሩ ባደረጉት አጭር ንግግር ስሜ ከአንድ ግኝት ጋር ሦስት ጊዜ ተነሣ። ግኝቱ በቻይና ባህላዊ መድኃኒት ከጥንት ጀምሮ ከሚታወቅ ቢጫ ሥር የወጣ፣ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያደጉ የካንሰር ሴሎችን የሚያጠፋ ንጥረ ነገር ነበር። ሰው አጨበጨበ። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ግኝቱ ስህተት መሆኑን ካረጋገጥሁ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ለኑዛዜ አልጻፍሁትም። ኑዛዜ የሚሰሙኝ የነፍስ አባት አሉኝ፤ ኬሚስትሪ ግን አያውቁም። የምጽፈው ከሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ሰው የሚያስታውሰው ብቸኛ ነገር ስህተት ስለሆነና፣ በዚያ ስህተት ላይ የአንዲት ሴት የዶክትሬት ዲግሪ ቆሞ ስለነበረ ነው። ብናገር ዲግሪው ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ዝም ብል ይቆም ነበር። ጡረታ የወጣሁት ይህን ይዤ ነው።

የምርምር ክፍላችን ካዛንቺስ ውስጥ፣ በድሮ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በነበረ ቪላ ውስጥ ነበር። ወጥ ቤቱ የብርጭቆ ዕቃ ማጠቢያ ሆኖ ነበር፤ ትልቁ መኝታ ቤት ደግሞ ሴሎቹ የሚያድጉበት ክፍል። በሩ ላይ የቀድሞ ልጆች ቁመታቸውን የለኩበት የእርሳስ ምልክት ነበር፤ ማንም አልቀባውም። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ሴት ሆኜ ሳለ ከስሜ በፊት «አቶ» ተብሎ በመጻፉ የመጀመሪያ ደመወዜ አራት ወር ዘገየ። ስለ ደመወዝና ስለ ደብዳቤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የተቀበሉኝ ዶክተር ላቀው ነበሩ፤ የክፍሉ ኃላፊ። አጭር፣ ሹራባቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ ሰው ናቸው። ትምህርታቸውን ቻይና ውስጥ ስምንት ዓመት ተምረው ቻይንኛ የሚናገሩት ሲናደዱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ማናችንም ምን ብለው እንደሰደቡን አናውቅም። ሲመለሱ አንድ ሙሉ ሻንጣ የደረቀ ሥር፣ ቅርፊትና ፍሬ ይዘው እንደመጡ ይነገራል። ከሁሉም የሚወዱት ቻይናዎች «የደስታ ዛፍ» የሚሉትን ነበር። ምክንያቱን በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩኝ።

ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የተጠመዘዘውን የዘር ክሩን ማላላት አለበት። ይህን የሚሠራለት አንድ ኢንዛይም አለ፤ ክሩን ይበጥሳል፣ ያዞራል፣ መልሶ ይቀጥላል። ከደስታ ዛፍ የሚወጣው ንጥረ ነገር ኢንዛይሙን ልክ ክሩን በበጠሰበት ቅጽበት ይይዘዋል። ክሩ እንደተበጠሰ ይቀራል፤ ሴሉም ይሞታል። ብዙ ጊዜ የሚከፋፈል ሴል ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ የካንሰር ሴል ደግሞ መከፋፈል የማያቆም ሴል ነው። ዛሬ በሆስፒታል በደም ሥር ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ከዚህ ዛፍ ንጥረ ነገር የተገኙ አሉ። ዶክተር ላቀው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ስለ ዘመድ እንደሚያወሩ።

ወዲያው ግን ይመለሱና «ሳህን ላይ ሴል መግደል ምንም አይደለም» ይሉ ነበር። «ኮምጣጤም ይገድላል። ጥያቄው ምን ገደለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የቀረውን የሰውዬውን አካል ሳይገድል ነው ወይ የሚል ነው።»

አሠራራችን ይህ ነበር። የደረቀው ሥር ይመዘናል፣ ይፈጫል፣ በንጹሕ አልኮል ሦስት ቀን ይነከራል፣ ይጣራል። ከዚያ አልኮሉ በሚሽከረከር ፍላስክ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ተንኖ ይወገዳል፤ መሣሪያውን ሮታሪ እንለው ነበር። ታች የሚቀረው ዝልግልግ ነገር በነጭ ዱቄት በተሞላ ረጅም የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ እየታጠበ ይወርድና በየቀለሙ ይለያያል። ለየብቻ የምንቀበላቸው ክፍሎች ክፍልፋይ ይባላሉ፤ ቁጥር ይሰጣቸዋል። እያንዳንዱ ክፍልፋይ እንደገና በሮታሪ ደርቆ በትንሽ መጠን ሴሎቹ ላይ ይጨመራል። ከሁለት ቀን በኋላ ቢጫ ቀለም እናፈስባቸዋለን። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፤ የሞተ ሴል ምንም አያደርግም። ወይን ጠጅ ካየን ሴሉ አሸነፈ፤ ቢጫው እንደ ቢጫ ከቀረ እኛ።

ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ዶክተር ላቀው አንድ ተጨማሪ ፍላስክ ያሠሩን ነበር። ሥር የለበትም። አልኮሉ ይገባበታል፣ ሦስት ቀን ይነቀነቃል፣ ይጣራል፣ በሮታሪ ይደርቃል፣ ሴል ላይ ይጨመራል።

የመጀመሪያ ቀን «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ባዶ።»

«ምንም ከሌለበት ለምን እንነቀንቀዋለን?»

«አንቺ፣ ሙሉ ብለሽ የምታመጭልኝ ነገር ውስጥ ስንቱ ከሥሩ እንደመጣ፣ ስንቱ ከዕቃው እንደመጣ በምን ታውቂያለሽ? ነቅንቂ።»

ዕቃ አጣቢዋ ወይዘሮ ብርቄ ከወጥ ቤቱ ሆነው ሰሙን። «እኔ እሳቸው እስኪመጡ ድረስ የቆሸሸ ዕቃ ነበር የማጥበው» አሉኝ። «ከመጡ ወዲህ ግን ግማሽ ዕድሜዬን ባዶ ሳጥብ ኖርኩ። ሲጠይቁኝ ምን ትሠሪያለሽ፣ ባዶ አጥባለሁ እላለሁ።»

ሁለተኛው ልማዳቸው የአርብ ነበር። አርብ ከሰዓት በኋላ የገዛ የማስታወሻ ደብተራቸውን በክፍሉ ውስጥ በአገልግሎት ትንሽ ለሆነው ሰው ይሰጣሉ። ያ ሰው አንድ ስህተት ሳያገኝባቸው ወደ ቤቱ አይሄድም። የመጀመሪያዬ አርብ ሁለት ሰዓት ሙሉ አገላብጬ ምንም አጣሁ።

«ዶክተር፣ ስህተት የለም።»

«አለ። እንደገና እይው። ባለቤቴ ለምን አመሸህ ካለችኝ አንቺን ነው የምሰጣት።»

በመጨረሻ አገኘሁት። የሥሩ ክብደት ከተፈጨ በኋላ በሁለት ግራም ጨምሯል።

«እንዴት ይጨምራል?» አሉኝ።

«አይጨምርም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ተሳስተው ነው።»

«ማን?»

አባቴን እንኳ ተሳስተሃል ብዬ የማላውቅ ሰው ነበርሁ።

«ማን ተሳሳተ?»

«እርስዎ ተሳስተዋል።»

«ጎበዝ። አሁን ሂጂ፤ የለገሃር ታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም።»

ለብዙ ዓመታት ስህተቶቹን ለእኛ ትምህርት ሆን ብለው የሚያስገቧቸው ይመስለኝ ነበር። ከሞቱ በኋላ ደብተሮቻቸውን ስረከብ የአርቦቹን እርማቶች አንድ በአንድ ተመለከትሁ። ሆን ተብሎ የገባ አንድም አልነበረም። ሁሉም እውነተኛ ስህተቶች ነበሩ።

የክፍሉ ኃላፊነት ወደ እኔ ሲመጣ የአርቡን ልማድ በመጀመሪያው ወር አቆምሁት። ምክንያቴን በትክክል አስታውሳለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ካሉት አሥራ አንድ ተመራማሪዎች ብቸኛዋ ሴት ነበርሁ። የዶክተር ላቀው ስህተት ቀልድ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ የእኔ ግን ማስረጃ ይሆን ነበር። ይህ ግምት አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ በስብሰባ ላይ ደርሶብኛል። ስለዚህ ደብተሬን ቆለፍሁ። ስህተት የሌለባት ሴት መሆን አለብኝ ብዬ ወሰንሁ፤ ለረጅም ጊዜም ተሳክቶልኝ ነበር። ሰዎች ቢሮዬ ሲገቡ ኮታቸውን ይቆልፉ ነበር። ይህን በክፋት አላደረግሁትም፤ ደስ አይለኝም ነበር ብል ግን እዋሻለሁ።

ሰናይት የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ለዶክትሬቷ የተመደበችልኝ፣ ቀጭን፣ ስትናገር «ማለቴ» የምታበዛ፣ እጇ ግን የማይንቀጠቀጥ ልጅ ነበረች። እጇን ያየሁት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ በሦስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ጠብታ ስትጥል ትንፋሿን አትይዝም። ትንፋሹን የሚይዝ ሰው ይደክመዋል። ይህን አላስተማርኋትም፤ ይዛው መጣች። ቢጫውን ሥር አብረን ጀመርን።

ያ ዓመት ንጹሕ አልኮል ከውጭ የሚገባበት ጊዜ የተራዘመበት ነበር። የቀረንን በሊትር ቆጥረን እንጠቀም ነበር። አንድ ጠዋት ሰናይት ዕቃዎቹን ስትደረድር አንድ ፍላስክ ጎደለ።

«ባዶውስ፣ ዶክተር?»

«ለባዶ የሚሆን አልኮል የለንም። በዚህ ቤት ስንት ጊዜ ሠርተነዋል፤ ሁልጊዜም ባዶ ነበር።»

«እሺ።»

ከብዙ ምርመራዎች በኋላ ሰባተኛው ክፍልፋይ ሴሎቹን ገደለ። የገደለበት መንገድ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ቢጫው ሥር የካንሰር ሴሎችን እድገት የሚያዘገዩ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት ከእኛ በፊት ብዙዎች ጽፈዋል፤ ነገር ግን ለዚያ ብዙ መጠን ያስፈልጋል። የእኛ ሰባተኛ ግን በኢምንት መጠን ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር ቢጫ አድርጎ አስቀረው። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ሦስት ጊዜ ገደለ። ሦስቱንም ጊዜ በዚያው ሮታሪ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያለ ባዶው።

ጽሑፋችን በአንድ የውጭ መጽሔት ወጣ፤ የእኔ ስም መጀመሪያ፣ የሰናይት ሁለተኛ። በሬዲዮ ተጠየቅሁ። «ገና ሳህን ላይ ነው፤ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት ብዙ ዓመትና ብዙ ውድቀት አለ» ብዬ በጥንቃቄ ተናገርሁ፤ ሰው ግን የሰማው ካንሰርን ይገድላል የሚለውን ብቻ ነው። ከስታዲየም አካባቢ አንዲት ሴት ደውለው «ዶክተር፣ ሥሩን የት ነው የሚሸጡት? እህቴ ናት የታመመችው» አሉኝ። «አንሸጥም። ሐኪሟን ትከተል» ብዬ ዘጋሁት። ትክክለኛ መልስ ነበር። እህታቸው እንዴት እንዳሉ አልጠየቅሁም።

ሰናይት ሰባተኛውን ክፍልፋይ ወደ አንድ ንጹሕ ንጥረ ነገር ለማድረስ ሦስት ዓመት ደከመች። በሮታሪው በተጠቀምን ቁጥር የሚገድለው ኃይል ትንሽ ትንሽ ይቀንስ ነበር። እኔ «ብርሃን ያበላሸዋል» አልሁና ጠርሙሶቹን በጥቁር ወረቀት አስጠቀለልሁ። ከዚያ አዲስ ሮታሪ ተገዛልን፤ አሮጌው ወደ ዕቃ ቤት ገባ። አዲሱ በመጣ በመጀመሪያው ወር ሰባተኛው ክፍልፋይ ምንም መግደል አቆመ። «ሥሩ ነው» አልሁ። «ይሄኛው ከሌላ አውራጃ የተላከ ነው።» ዛሬ ይህን ስጽፍ እንኳ ያን ጊዜ ያመንሁበት እንደነበር መካድ አልችልም። ብልህ ሰው ራሱን ለማታለል ብዙ ዕውቀት አለው፤ አላዋቂ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ወር ይነቃ ነበር።

ሰናይት በቀደመው ውጤትና በማንጠሪያው ዘዴ ላይ ጽፋ ተመረቀች። በክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆነች። ስትሰናበተኝ ጨበጠችኝ፤ አልሳመችኝም። አክብሮት መሰለኝ።

ካዛንቺስ መፍረስ ሲጀምር ቪላውን እንድንለቅ ተነገረን። ጡረታዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ዕቃ ቆጠራው ለእኔ ተሰጠ። ከመስኮቱ ውጭ የጎረቤት ግድግዳዎች ተራ በተራ ይወርዱ ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ በየጠዋቱ አቧራ እጠርግ ነበር። በዕቃ ቤቱ ከአሮጌው ሮታሪ ጋር ተገናኘን። የሚጣል ዕቃ ቢሆንም ተፈታትቶ በየክፍሉ መመዝገብ አለበት ተባለ። ፈታታሁት።

ፍላስኩን ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኝ አንገት የመሰለ ብርጭቆ አለ፤ በመጋጠሚያው ላይ አየር እንዳያልፍ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ ቡናማ ሆኖ ደርቆ ነበር። በጨርቅ ልጠርገው ስል ቆምሁ። ሰባተኛው ክፍልፋይ ከሌሎቹ የሚለየው አረፋው ስለሚበዛ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሲፈላ እስከ አንገቱ ይወጣና መልሶ ይወርድ ነበር። ሌሎቹ ክፍልፋዮች እዚያ አይደርሱም። ከእኛ በፊት ደግሞ ዶክተር ላቀው በዚሁ መሣሪያ ለዓመታት የሚያተንኑት የደስታ ዛፍን ጭማቂ ነበር።

የአልትራቫዮሌት መብራቱን አምጥቼ ክፍሉን አጨለምሁ። ከደስታ ዛፍ የሚወጣው ንጥረ ነገር በዚያ መብራት ሥር ሰማያዊ ያበራል። ቡናማው ቅባት ሰማያዊ አበራ።

ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ብዙ ነገር ሰማያዊ ያበራል። ስለዚህ መሣሪያውን መልሼ ገጠምሁት። ንጹሕ አልኮል በባዶ ፍላስክ ውስጥ ጨመርሁ፤ እንደ ሰባተኛው እስከ አንገቱ እንዲወጣ አድርጌ አፈላሁት፤ አደረቅሁት። ከታች በዓይን የሚታይ ምንም አልቀረም። ያንን ምንም አሟሟሁና ሴሎቹ ላይ ጨመርሁ። ሁለት ቀን ጠብቄ ቢጫውን አፈሰስሁ። ቀለሙ አልተለወጠም። ስሜን ያስጠራው ግኝት የሌላ ሰው ዛፍ፣ በሌላ ሰው ቅባት ውስጥ የተረፈ፣ ዶክተር ላቀው ቢኖሩ በአንድ ባዶ ፍላስክ ሊያዩት የሚችሉት ነገር ነበር።

ከጡረታዬ ሥነ ሥርዓት ማግስት ለዳይሬክተሩ ነገርኋቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም።

«ዶክተር፣ አሁን እኮ ወጥተዋል። ማንም አልጠየቀዎትም።»

«የምነግርዎት ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።»

«መልካም። ስለ ራስዎ መብትዎ ነው። ሰናይትስ? ልጅቷ በዚህ ነው እንጀራዋን የምትበላው።»

ቂርቆስ ወዳለው ቤቴ በእግሬ ተመለስሁ፤ ማታውን ደብዳቤውን ለመጽሔቱ ጻፍሁ። አንድ ገጽ ከሩብ ነበር። መሣሪያውን፣ የቀደመውን ሥራ፣ የተዘለለውን ፍላስክ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስቀመጥሁ። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ «ሁለተኛዋ ጸሐፊ ስለ ብክለቱ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው» ብዬ ደመደምሁ። ይህ ዓረፍተ ነገር ዲግሪዋን ሊያድነው እንደሚችል አስቤ ነበር። ያላወቀን ሰው የትኛውም ኮሚቴ በቀላሉ አይቀጣም።

ሰናይት ጽሑፉ ላይ ስሟ ስላለ መፈረም ነበረባት። በስልክ የምናገረው አልነበረም፤ «ላይሽ እፈልጋለሁ» ብቻ አልኋት። በሁለተኛው ቀን በአውቶቡስ መጣች። ባምቢስ አካባቢ ባለ አንድ ካፌ ተቀመጥን። ወፍራለች፤ መነጽር ማድረግ ጀምራለች። ማኪያቶ አዘዝን። ደብዳቤውን ሰጠኋት።

ቀስ ብላ አነበበች። ፊቷን እከታተል ነበር፤ መደንገጥ ስጠብቅ አላየሁም። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣችና የመጀመሪያውን ሐረግ በአንድ መስመር ሰረዘችው።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለችኝ።

«የቱ?»

«አላወቀችም የሚለው። አውቄ ነበር። ማለቴ፣ አላረጋገጥኩም። ግን አይቼዋለሁ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ሰባተኛውን መብራት ሥር አስገባሁት፤ ሰማያዊ ነበር። የዶክተር ላቀው የድሮ የደስታ ዛፍ ጠርሙስ ዕቃ ቤት ነበረች፤ አጠገቡ አደረግኳት። አንድ ዓይነት ሰማያዊ።»

ሲኒዬን አስቀመጥሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለእርስዎ?»

ይህን ያለችው ለመሳደብ አልነበረም። በእውነት ጥያቄ ነበር።

«ሁለት ጊዜ በርዎ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ» ቀጠለች። «ሦስተኛው ቀን ገባሁ። ‹ስለ ሰባተኛው አንድ ነገር ነበረኝ› አልኩ። ቀና አላሉም። ‹መረጃ ይዘሽ መጣሽ ወይስ ስሜት?› አሉኝ። ስሜት ነበር የያዝኩት፤ በቃ ወጣሁ።»

ያን ዓረፍተ ነገር አስታወስሁት። ለተማሪዎቼ ሁሉ የምለው ነበር፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር። ሰዎችን ከማያስፈልግ ንግግር ያድናል ብዬ አምን ነበር። ለስንት ሰዎች እንደተናገርሁት አላውቅም፤ ስንቶቹ ምን ይዘው እንደመጡም አላውቅም። ምክንያቱም ይዘውት ተመልሰዋል።

«ሰናይት፣ ስሚኝ» አልኋት። «ይህን ሐረግ ከሰረዝሽ አውቀሽ ዝም አልሽ ማለት ነው። ዲግሪውን ይወስዱብሻል።»

«ሊወስዱት ይችላሉ።»

«ልጅ አለሽ።»

«ሰባት ዓመቷ ነው። በደንብ ትቆጥራለች።» ፈገግ አለች። «ዶክተር፣ እርስዎ በሕይወትዎ ኮማ የጎደለበት ነገር አስፈርመውኝ አያውቁም። ዛሬ ውሸት ሊያስፈርሙኝ ነው?»

«ውሸት አይደለም። አላረጋገጥሽም።»

«አላወቀችም ነው የሚለው። አላረጋገጠችም አይልም።»

ለሠላሳ አንድ ዓመት ትክክለኛነትን ስጠይቅ ኖሬ፣ አንድ የተዛባ ዓረፍተ ነገር እንዲቆይልኝ የለመንሁት በዚያ ካፌ ነው። ደግሜ ለመንኋት። ይህ በዕድሜዬ ሁሉ ብቸኛው ድክመቴ እንደሆነ ነገርኋት፤ ሥራዋን፣ የወላጆቿን ደስታ፣ ቁጣዬን ጭምር ጠራሁባት። ጠረጴዛውን የሚያጸዳው አስተናጋጅ ሁለት ጊዜ ቀርቦ ተመለሰ። ሰናይት ጸጥ ብላ ሰማችኝ፤ እኔ እሷን አንድም ቀን እንደዚያ ሰምቻት አላውቅም።

«ጨረሱ?» አለችኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው አብረን እንጻፈው።»

አንድ ሰዓት ፈጀብን። እኔ ጥፋቱን ወደ ራሴ እስበዋለሁ፤ እሷ ግማሹን መልሳ ትወስዳለች። በመጨረሻ ሁለታችንም በእያንዳንዱ ቃሉ የተስማማንበት አንቀጽ ወጣ። ሁለተኛዋ ጸሐፊ ብክለት እንደጠረጠረች፣ ልትነግረኝ እንደመጣች፣ እንዳላዳመጥኋት፣ ከዚያ በኋላ ግን ዳግመኛ እንዳልተናገረችና ውጤቱን ለመመረቂያዋ እንደተጠቀመችበት ይናገር ነበር። ፈረመች። እኔም ፈረምሁ። ማኪያቶው ላይ ቆዳ ሠርቶ ነበር።

መጽሔቱ ጽሑፉን መሰረዙን በአጭሩ አስታወቀ። የምርምር ክፍሉ ስሜን ከድረ ገጹ ላይ አወረደ፤ ዳይሬክተሩ ደውለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ይቅርታው ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። የሰናይት ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ለወራት ተሰበሰበ፤ በመጨረሻም ዲግሪዋ ተነሣ። ማስተማሩን በዝቅተኛ ማዕረግ እንድትቀጥል ፈቀዱላት፤ ከፈለገች ሌላ ጥናት ሠርታ እንደገና መመዝገብ ትችላለች ተባለች።

የደወለችልኝ ውሳኔው በተነገረበት ሳምንት ነው። አላለቀሰችም። እንደተመዘገበች ነገረችኝ፤ አሁንም በዕፅዋት ንጥረ ነገሮችና በካንሰር ሴሎች ላይ ነው የምትሠራው፤ ተክሉን ራሷ መርጣዋለች። አማካሪዋ ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዋን ስም ጠራች። ጽሑፎቹን አንብቤ አውቃለሁ።

«ሥራው መካከለኛ ነው» አልኋት። «ከዚህ የተሻሉ ሁለት ሰዎች ልጠቁምሽ እችላለሁ።»

«አውቃለሁ። ከእርስዎም በጣም ያንሳል።»

«ታዲያ ለምን እሱን መረጥሽ?»

በመስመሩ ውስጥ ከኋላዋ ልጅቷ የሆነ ነገር ስትጠይቃት ሰማሁ፤ «ቆይ፣ እየመጣሁ ነው» አለቻት።

«ሲሳሳት እነግረዋለሁ፣ ዶክተር» አለችኝ። «ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ።»

በመልሷ ውስጥ የማርመው ነገር ፈለግሁ። አላገኘሁም፤ ጥሩ ምርጫ ነው አልኋት።